የአገር ቤት ቆርቆሮ

ቤቴልን በዚህ ዓለም ላይ እንደ አዋቂ ሰው የሚያደርቃት ነገር የለም። ከአዋቂዎች ሁሉ አባቷ ይብሳል፤ ከአባቷም «አውቃለሁ» የምትለዋ ቃሉ።

ረቡዕ ዕለት ገርጂ፣ ከክሊኒኩ ሥር ባለችው መድኃኒት ቤት ቆሞ ይህችን ቃል ደጋግሞ ተናገራት። ለዘመድ ሠርግ ዲዴሳ ዳር፣ ተወልዶ ያደገበት ቀበሌ ሁለት ሳምንት ከርሞ የተመለሰው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ብርድ ብርድ አለው። ረቡዕ ጠዋት ሁለት ብርድ ልብስና የቤቴልን የትምህርት ቤት ጃኬት ደርቦ እንኳ ጥርሱ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣ ነበር። ደሙ ሲታይ ወባ። ጤና መኮንኑ «እዚህ ከመምጣትዎ በፊት የወሰዱት ክኒን አለ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አባቷ ኮርኒሱን አየት አደረገና «ኧረ ምንም» አለ።

ያቺን የኮርኒስ እይታ ቤቴል ልብ ማለት ነበረባት። አላለችም።

«አቶ ደቻሳ» አለች ፋርማሲስቷ ፍረወይኒ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አድርጋ፤ «ይሄ ኮአርተም ነው። ሃያ አራት ፍሬ። አራት አራት እያደረጉ ስድስት ጊዜ።»

«አውቃለሁ።»

«የመጀመሪያውን አሁን እዚሁ። ሁለተኛውን ልክ ከስምንት ሰዓት በኋላ። ከዚያ ነገና ከነገ ወዲያ ጠዋትና ማታ።»

«አውቃለሁ።»

«በባዶ ሆድ እንዳይወስዱት። ወተትም ይሁን የለውዝ ቅቤ፣ ቅባት ያለው ነገር ይብሉበት፤ አለዚያ ሰውነትዎ በደንብ አይቀበለውም። ከዋጡት በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት ደግሞ ይደውሉልኝ፤ መደገም አለበት።»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። እኔ እኮ የዲዴሳ ልጅ ነኝ፤ ወባ ናት ያሳደገችኝ።»

«ጥሩ አላሳደገችዎትም» አለች ፍረወይኒ። «ቢሻልዎትም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። እሺ?»

«አውቃለሁ አልኩ!»

ፍረወይኒ ዓይኗን ከእሱ አነሳችና ቤቴል ላይ አሳረፈች። «አንቺስ?»

«እኔ አላውቅም» አለች ቤቴል። «ይጻፉልኝ።»

ፍረወይኒ ሳቀች። ካርቶኑ ጀርባ ላይ ስድስት መስመር ጻፈች፤ ረቡዕ ቀን፣ ረቡዕ ማታ፣ ሐሙስ ጠዋት እያለች እስከ ዓርብ ማታ። ከሥሩ ስልኳን ጨመረች። አባትየው የመጀመሪያዎቹን አራት ፍሬዎች ቤቴል ከጎረቤት ሱቅ ሮጣ ባመጣችው የላስቲክ ወተት እዚያው ዋጣቸው። የመጀመሪያው መስመር ላይ ምልክት ተደረገ።

እናቷ አዝመራ ሐዋሳ ናት፤ ታናሽ እህቷ ወልዳ ልታርሳት ከሄደች ሳምንቷ ነው። የወባውን ነገር ስትሰማ በስልኩ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራት።

«ቤቲዬ፣ እሱን አትመኚው። ስድስቱንም ጊዜ በዓይንሽ አይተሽ። የዛሬ ሦስት ዓመቱን ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችም። የዛሬ ሦስት ዓመት አባቷ ክኒኑን ከመሃል ትቶ፣ በሳምንቱ ወባዋ ጭንቅላቱ ላይ ወጥታ ሆስፒታል ሲገባ ቤቴል አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አልጋው ራስጌ ቆማ «አባቢ» ስትለው ዓይኑን ገለጠ። አያት፣ አያትና «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለ። በኋላ ድኖ ወጣ፤ ነገሩም የቤቱ ቀልድ ሆነ። «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» እያለ ራሱ ይቀልድባታል። እሷ ግን እስከ ዛሬ በር ከፍታ ስትገባ ቀና ብሎ ሲያያት፣ ስሟን እስኪጠራ ድረስ ትንፋሿን ትይዛለች። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ስለዚህ ስልኳ ላይ «የአባቢ ክኒን!!!» የሚል ማንቂያ ሞላች። ዳቦ ላይ የለውዝ ቅቤ እንደ ግድግዳ ለሰነች። ወተት አሞቀች። የክፍሏ ልጆች ቦሌ መድኃኔዓለም በርገር እየበሉ ፎቶ ሲልኩላት እሷ የኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ፣ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰውዬ መዳፍ ላይ ክኒን ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«እንጸልይ» ይላል አባቷ።

በደቻሳ ቤት ያለ ጸሎት ውሃ እንኳ አይጠጣም። ክኒኑን በመዳፉ ይዞ ይነሳል፤ ቤቴልም ዓይኗን ትጨፍናለች። ጸሎቱ ደግሞ አጭር አይደለም። ክኒኑን የፈለሰፉትን፣ ፋብሪካ ውስጥ ያሸጉትን፣ ያመጣውን የመኪና ሹፌር፣ «መነጽር ያደረገችውን ልጅ»፣ ሐዋሳ ያለችውን አራስ፣ የዲዴሳን ሰው ሁሉ በስም በስም ይባርካል። ቤቴል «አሜን» ብላ ዓይኗን ስትገልጥ መዳፉ ባዶ ነው፤ ወተቱን ግጥም አድርጎ ጢሙን ይጠርጋል።

«አየሽ? ታማኝ በሽተኛ ማለት እኔ ነኝ።»

ምልክት።

ሐሙስ ተሻለው። ዓርብ ደረጃውን ወርዶ ከጥበቃው ጋር ስለ ኳስ ሲጨቃጨቅ ተገኘ። «ዶክተር ቤቴል፣ ልወጣ ይፈቀዳል?» ይላታል። «ነርስ ብትሆኚ ኖሮ ታካሚ ሁሉ ከሆስፒታል ይጠፋ ነበር።» ዓርብ ማታ ስድስተኛው ምልክት ሲሰመር ቤቴል ካርቶኑን ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከች። አሥራ አንድ ልብ ተላከላት። ባዶውን ማሸጊያ ጥላ፣ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን በደንብ ሳበች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ አምላኩ ነው፤ የአባቷ የአክስት ልጅ። በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ አገር ቤት ስለሚሳፈር የሚላክ ነገር ሊቀበል ነው የመጣው። በአንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው ሾላ ገበያ ለእናቱ የገዛውን አዲስ ጃንጥላ ይዟል።

አባቷ ከመኝታ ቤት ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወጣ።

«ምነው አባቢ?»

«ምንም። የገርጂ ብርድ ነው።»

ቤቴል ግንባሩን ነካች። የቡና ጀበና የነካች ነው የመሰላት። እጇ እዚያው ቀረ። ስድስት ምልክት፣ ስድስት ጸሎት፣ የአንድ ጣሳ ሙሉ የለውዝ ቅቤ፤ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

«አይዞህ» አለ ጋሼ አምላኩ ሶፋው ላይ እየተመቻቸ፣ «ይለቅሃል። በነገራችን ላይ ቆርቆሮዋ ተዘጋጅታለች?»

አባቷ አሳለ። ደግሞ አሳለ። የእውነት ሳል አልነበረም፤ ዓይኑም ከሳሉ ጋር ወደ ቤቴል ይጠቅስ ነበር።

«የምን ቆርቆሮ?» አለች ቤቴል።

ጋሼ አምላኩ ደግ ሰው ነው፤ ጥቅሻ የማይገባው ደግ ሰው። «የአገር ቤት ድርሻ ናታ! አታውቂም እንዴ? እኛ የዲዴሳ ልጆች አዲስ አበባ ታመን መድኃኒት ከታዘዘልን፣ ብቻችንን ጨርሰን አንውጥም። ነውር ነው። እንጀራ ብቻውን ከሚበላ ሰው በምን ይለያል? ከድርሻችን እንቀንስና ቆርቆሮ ውስጥ እናኖራለን፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይወስዳል። ክረምት ሲገባ እዚያ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መድኃኒትም ያልቃል። አባትሽ ለእናቱ፣ ለአኮ፣ እኔ በማውቀው ስድስት ዓመት ልኳል። የተባረከ ልጅ ነው!»

የተባረከው ልጅ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበው።

ቤቴል የአባቷን ዓይን ተከትላ ወንበር ጎተተችና የቁም ሣጥኑን አናት ልትፈትሽ ወጣች። ከሻንጣዎቹ ጀርባ የድሮ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አገኘች። ክዳኑን ስትከፍተው ግማሽ የቀረ ማሸጊያ፣ ግማሽ የቀረ ሌላ ማሸጊያ፣ ስሟ የጠፋ ቀይና ጥቁር ካፕሱል፣ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት የሆነው ክሎሮኪን። ከሁሉም በላይ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር። ፈታችው። ቢጫ ክኒን። አሥር።

ቤቴል ሒሳብ ትጠላለች፤ ይሄኛው ግን ራሱን ሠራ። መድኃኒት ቤት ውስጥ አራቱን ዋጠ። ከዚያ በኋላ አምስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት።

«መቼ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«መቼ ነው የደበቅከው? እኔ እዚህ ፊትህ ተገትሬ! በእጄ ቆጥሬ እየሰጠሁህ! መቼ…» ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። «ስንጸልይ?»

ጋሼ አምላኩ ጃንጥላውን መመርመር ጀመረ።

«አባቢ! ጸሎት ላይ?!»

«ጸሎት ላይ አይደለም» አለ አባቷ ቅር ብሎት። «ከአሜን በኋላ ነው። አንቺ ከአሜን በኋላ ዓይንሽን ቶሎ አትገልጪማ።»

«ጌታ ግን ዓይኑን አይጨፍንም!»

«እሱማ ልቤን ያውቃል።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ቤቲ፣ ስሚኝ። ለእኔ ክሊኒኩ እዚህ ሥሬ ነው። እሷ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ወንዝ ዳር ብቻዋን። ወባ በያዛት ቀን ማን አላት? ሁለት ሁለቷም ደግሞ ሠርታልኛለች፤ ትናንት አላየሽኝም ሳጓራ?»

«ዛሬስ አላይህም?» አለች። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ይበልጥ ጮኸች። «ለአራት የታዘዘውን ሁለት ስትወስድ ወባዋ ትደበቃለች እንጂ አትሞትም! ግማሹን አንተ፣ ግማሹን አኮ። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልትድኑ ነው? አንተን ያላዳነ ክኒን እሷን በምን ተአምር ነው የሚያድናት?»

ጋሼ አምላኩ ቀስ ብሎ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለ፤ ቀጥሎም «ግን ታዲያ ነገ ባዶ እጄን ልሂድ?»

«ስኳር ይዘው ይሂዱ፣ ጋሼ!»

ካርቶኑን ፈልጋ ፍረወይኒ ጋ ደወለች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ነገሩን እስከ ጸሎቱ ድረስ ተናዘዘች። በዚህ መሃል አባቷ ሶፍቱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገና «በቃ፣ አሥሩንም አሁን ልዋጣቸውና ይለቅልኝ» አለ።

«እንዳይነካቸው!» ስልኩ ጮኸ። «አቶ ደቻሳ፣ ይሰሙኛል? አሥር በአንዴ መዋጥ ያለፈውን አይመልስም፤ ሌላ ጉዳት ነው። ሁሉንም ቆርቆሮ ውስጥ መልሱና አሁኑኑ ወደ ክሊኒክ ኑ። ደሙ እንደገና ይታይ። ዛሬ፣ ሰኞ አይደለም። ገባዎት?»

«አው…» አለ አባቷ፣ የቤቴልን ፊት አየና ቃሏን ዋጣት።

ክሊኒኩ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ እሱ ግን ደረጃውን እንኳ ግድግዳ ተደግፎ ነው የወረደው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ አረፈ። ያኔ ቤቴል መቆጣቷን ረስታ ፈራች። ራይድ ጠራች፤ ጋሼ አምላኩ ቆርቆሮዋን ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷም በየመስቀለኛው መንገድ «አባቢ?» ትለዋለች፤ እሱም «እ» ይላታል። «እ» ስም አይደለም። ግን ለጊዜው በቃት።

የደሙ ውጤት ሲወጣ ወባዋ አለች። ገና አለች።

ጤና መኮንኑ ካርዱን አገላብጦ ቆርቆሮዋን አየ፤ አሁንም አያት። ጋሼ አምላኩ አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፏታል። «አዲስ ሙሉ ሕክምና እንጀምራለን፤ ከዚህ በላይ ቢዘገዩ ኖሮ የሚያድሩት ሆስፒታል ነበር» አለ። «አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ረቡዕ ከመምጣትዎ በፊት የወሰዱት ነገር ነበር?»

አባቷ ቀና አለ።

«አባቢ» አለች ቤቴል፣ «ኮርኒሱ ላይ ምንም የለም።»

«ቆይ» አለ እሱ። ፊቱ ድንገት ተለዋወጠ። ሌላ ነገር ነው የገባው። «ቆይ፣ ቤቲ። አኮ… እሷም እኮ የላኩላትን ግማሽ ግማሽ እየወሰደች ከሆነ…» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ቁጥሩን መምታት አቃተው። ቤቴል ተቀብላ ደወለች፤ ድምፅ ማጉያውንም ከፈተችለት።

ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ የዶሮ ጩኸት ተሰማ፤ ከዶሮው ቀጥሎ አኮ። የምታወራው በኦሮምኛ ነው፤ ቤቴልም መናገሩ ባይሆንላት መስማቱን አሳምራ ትሰማለች።

«እማ» አለ አባቷ፤ «ያ የምልክልሽ ክኒን… ሁለተኛ እንዳትውጪው። ሙሉ አይደለም። እኔ… እየቀነስኩ ነው የምልክልሽ። ይቅር በይኝ።»

«የቱ ክኒን?»

«በቆርቆሮ የምልከው!»

«እ! እሱን?» አኮ ሳቀች። «እኔ መቼ ነክቼው አውቃለሁ? ለአንተ እኮ ነው ያስቀመጥኩት!»

«ለእኔ?»

«ለማን ታዲያ? በመጣህ ቁጥር የወባ ትንኝ የሚበላው አንተን ነው። አጎበር ዘርግቼልህ ይሞቀኛል ብለህ የምትገፋው አንተ። እኛማ ሲያመን ጤና ኬላ እንሄዳለን። ልጅቱ ጣቴን ወግታ አይታ፣ አለብሽ ካለችኝ ቆጥራ ትሰጠኛለች። የመጀመሪያውን እፊቷ ታስውጠኛለች። በማግስቱ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥታ 'ምላስሽን አሳዪኝ' ትላለች፤ እሷ ደግሞ ፖሊስ ናት! ጨርሺ ካለችኝ እጨርሳለሁ። ምን፣ እንደ አንተ ሞኝ ነኝ?»

በኮሪደሩ የተቀመጠው ሕመምተኛ ሁሉ ጆሮውን ቀስሯል።

«ይልቅ» ቀጠለች አኮ፣ «ባለፈው እሑድ ግንባርህ ሲግል ከዚያው ሁለት ሰጥቼህ የለም እንዴ? አልተሻለህም? ጨምሬ ልላክልህ? አምላኩ ሲመለስ እልክልሃለሁ።»

ኦሮምኛ የሚሰማው ጤና መኮንን እስክሪብቶውን አነሳ። «እሑድ» አለ እየጻፈ። «ሁለት ፍሬ። የስንት ዓመት እንደሆነ አይታወቅም። አመሰግናለሁ፣ እናታችን።»

«ማነው እሱ?» አለች አኮ።

ጋሼ አምላኩ እስካሁን እያሰበ ነበር። «ቆይ» አለ በመጨረሻ፤ «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ጉልበቴ ላይ አቅፌ፣ በየፍተሻው እያስፈተሽኩ የወሰድኩት ክኒን… ዞሮ የገባው እዚሁ ደቻሳ ሆድ ውስጥ ነው?»

ቤቴል ልትጮህ አፏን ከፈተች። «እናንተ ሰዎች!» ማለት ነበር ያሰበችው። ልጅ ለእናቱ ብሎ ሳይድን ይቀራል፤ እናት ለልጇ ብላ አሮጌ ክኒን ታከማቻለች፤ አንዳቸውም አንድ ቀን ስልክ አንስተው አልተጠያየቁም። ይህን ሁሉ ልትል ነበር። የወጣላት ግን ሳቅ ነው፤ ሳቁም ከመሃል ወደ ለቅሶ ተበላሸባት። ፊቷን በጃኬቷ እጅጌ ሸፈነች።

አባቷ ዘወር ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። አያት፣ አያት፤ እሷም ትንፋሿን ያዘች።

«ቤቲ» አለ። «ቤቴል ደቻሳ። የማን ልጅ እንደሆንሽማ ዛሬ ክሊኒኩ ሁሉ አወቀ። በቃ፣ አታልቅሺ።»

ሥር ወርደው መድኃኒት ቤቱ ሲደርሱ ፍረወይኒ እጇን ዘረጋች፤ ጋሼ አምላኩም እያመነታ ቆርቆሮዋን አስረከበ። ፍረወይኒ ከፍታ አንዴ አየችና ከባንኮኒው ሥር፣ ከሚወገዱት መድኃኒቶች ጋር አኖረቻት። አዲስ ካርቶን አወጣች። አሁንም ስድስት መስመር ጻፈች፤ አሁንም ስልኳን ጨመረች። አንድም ነገር አላስረዳችም፤ ካርቶኑን ለቤቴል ሰጠቻት። ወተቱ መጣ። አራቱ ቢጫ ፍሬዎች መዳፉ ላይ ተቀመጡ።

«እንጸልይ» አለ አባቷ።

ጋሼ አምላኩ ባርኔጣውን አወለቀና ዓይኑን ጨፈነ። ፍረወይኒ እንኳ አንገቷን ደፋ አደረገች። አባቷ የዛሬውን ጸሎት የጀመረው በዲዴሳዋ የጤና ኬላ ልጅ ነው፤ ገና ሁለተኛው ስም ላይ ሳይደርስ አንድ ዓይኑን ቀስ ብሎ ገለጠ።

ቤቴል ሁለቱንም ዓይኖቿን እንደ ጉጉት አፍጥጣ መዳፉን ታያለች።

«ቤቲ! ዓይን!»

«ቀጥል አባቢ» አለች። «እኔ እያየሁ እጸልያለሁ።»

ጸሎቱ በሕይወቱ አጭሩ ጸሎት ሆነ። አሜን ሲባል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዋጠ፤ ወተቱን ጨለጠ። ከዚያ ማንም ሳያዘው አፉን ከፍቶ ምላሱን አሳያት።

ቤቴል በደንብ አየች። ከምላሱ ሥርም አየች። ከዚያ እስክሪብቶ ከፍረወይኒ ተውሳ የመጀመሪያው መስመር ላይ ምልክት አደረገች።